ሰባ አራት ኪሎ

ድሬዳዋ ከዚራ፣ አሮጌው ባቡር ጣቢያ አጠገብ፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር ሚዛን ይዞ የሚቀመጥ ሰው አለ። ከመስታወቱ ሥር መርፌዋ የምትርገበገብ፣ ቀለሟ የተላጠ ትንሽ የብረት ሚዛን ናት። ከጎኑ ማስቲካና ሶፍት ደርድሮ «ኪሎ! ኪሎ!» እያለ አላፊ አግዳሚውን ይጣራል። ባለፈው ሐሙስ መድኃኒቴን ገዝቼ ስመለስ፣ ባጃጅ ከመጥራቴ በፊት ትንሽ ልረፍ ብዬ አጠገቡ ቆምኩ።

«ነይ እማማ፣ ልመዝንሽ፤ ላንቺ በነጻ ነው» አለኝ።

የድሬ ሰው አንቱታ አያበዛም፤ እኔም በዚህ የሚቀየም ሆድ የለኝም። እየሳቅኩ ጫማዬን አወለቅሁና አንድ እግሬን አሳረፍሁ። ሚዛኗ ከሥሬ ትንሽ ዝቅ ብላ ቀጭ አለች። ቀጭ ስትል ሳቄ ጠፋ፤ እግሬን መልሼ አነሳሁ።

«ምነው? ፈራሽ እንዴ?» አለኝ።

«ሌላ ቀን፣ ወንድሜ» ብዬው ጫማዬን አጠለቅሁ።

ሚዛን የምፈራ ሰው መስዬው ይሆናል። እኔ እኮ ሰው መዝኜ ነው እንጀራ የበላሁት። አሁን የምነግራችሁንም ለባሌ አልነገርኩ፣ ለልጆቼ አልነገርኩ፣ ለንስሐ አባቴ እንኳ ጫፉን ነክቼ ነው የተውኩት። የምታውቅ አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷንም አምና ቀበርናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ወራት ሲቀሩኝ ድሬዳዋ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ አገኘሁ። ማረፊያ ሲባል የዛሬውን እንዳታስቡ። አንድ ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው አዳራሽ፣ ከፊቱ ሜዳ፣ ከሜዳው ወዲያ አቧራና ግራር ነው። አውሮፕላን ሊያርፍ ሲል አንድ ዘበኛ ዱላ ይዞ ሮጦ ፍየሎቹን ያባርራል። አውሮፕላኖቹ ሁለት ፕሮፔለር ያላቸው ነበሩ፤ ዳኮታ እንላቸው ነበር። መሬት ላይ ሲቆሙ ጅራታቸው ዝቅ፣ አፍንጫቸው ቀና ያለ ስለሆነ፣ ከኋላ በኩል የገባ ተሳፋሪ ወንበሩ ጋ ለመድረስ ዳገት ይወጣል። አንዲት ሴትዮ መሃል ላይ ቆማ «ቁልቢ በእግሬ የወጣሁ ቀን እንዲህ አልደከመኝም» ስትል ሰውን ሁሉ አስቃለች።

ሞተሩ ሲነሳ መጀመሪያ ያስለዋል። ሁለት ሦስቴ ይንቋቋና ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፤ ከዚያ ጉሮሮው ሲጸዳለት መሬቱን ሳይቀር ያንቀጠቅጣል። የቤንዚኑ ሽታ፣ የጋለው ዘይት፣ እርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ወደ ጅቡቲ የሚጫነው ጫት፣ የተሳፋሪው ሽቶና ላብ፣ ሁሉ አንድ ላይ ነው። ዛሬም ባጃጅ ዘይት አቃጥሎ አጠገቤ ሲያልፍ ልቤ ወደዚያ ሜዳ ይሄዳል።

የኔ ሥራ ምን መሰላችሁ? ሰው መመዘን። የድሬን ሙቀት ታውቁታላችሁ። ሙቀት አየሩን ያሳሳዋል፣ አየሩ ከሳሳ ክንፉ አይሸከምም፤ አለቃዬ ያስረዳኝ እንዲህ ብሎ ነው። ስለዚህ ፀሐይ ሳይበረታ መነሳት አለበት፣ የሚጫነውም ሁሉ፣ ሰውም ሻንጣም፣ ኪሎው መታወቅ አለበት። በሩ አጠገብ መቆሚያ ያለው ትልቅ የብረት ሚዛን ተተክሎ ነበር። ተሳፋሪው ሻንጣውን ለብቻው ያስመዝንና ከዚያ ራሱ ይወጣል። እኔ የሚዛኑን ክንድ አስተካክዬ ቁጥሩን ጮክ ብዬ እጠራለሁ፤ አለቃዬ ከወዲያ ጠረጴዛ ላይ ጎንበስ ብሎ ይጽፋል። ውጭ ሞተር ይጮኻልና በቀስታ መናገር አይቻልም። የሰው ኪሎ በሰልፉ ሁሉ ፊት ነበር የሚጠራው።

«እዚህ ሚዛን ላይ የዋሸ፣ ሰው ገደለ ማለት ነው» አለኝ አለቃዬ በመጀመሪያው ቀን። ሳቅ የማያውቅ፣ እርሳሱን በምላጭ የሚቀርጽ፣ ደረቅ ሰው ነበር።

ኧረ ጉዱ! ሽማግሌዎች «ሰው እንደ ቡና ጆንያ ይመዘናል?» ብለው ይቆጣሉ። የመጋላ ሰፈር እናቶች ቢስሚላሂ ብለው ዓይናቸውን ጨፍነው ይወጣሉ። አንድ የሶማሌ ነጋዴ ደግሞ በመጣ ቁጥር «አቦ፣ ትናንት ግመል በልቻለሁ፣ ቀንሺልኝ!» ይለኛል። ያኔ ውፍረት ነውር አልነበረም። ሴት ሰማንያ ተብላ ስትጠራ ሰልፉ «እሰይ!» ይላል። ነውሩ መክሳት ነበር። የከሳ ሰው ወይ አጥቷል፣ ወይ ስሙ የማይጠራው በሽታ ይዞታል ይባላል። ወሬው ደግሞ ከማረፊያው ከተማ እስኪደርስ አውሮፕላኑን ይቀድማል።

አባቴ የምድር ባቡር ሰው ነበር። ጥገና ቤት ነው የሚሠራው፤ እጁ ቢታጠብም ቅባት ቅባት ይላል። በባቡሩ ፉጨት ሰዓቱን የሚሞላ፣ ልጅ ሆነን ስናጠፋ «ከሐዲድ አትውጡ» እያለ የሚቆጣን ሰው። እኔ አውሮፕላን ማረፊያ መግባቴን የሰማ ቀን ራቱን ሳይበላ ተኛ። በማግስቱ ምን እንደምሠራ ነገርኩት።

«ሰው ነው የምትመዝኚው?»

«አዎ፣ አባባ።»

«ባቡር ሰው መዝኖ አያውቅም» አለ። «የመጣውን ሁሉ ይሸከማል።»

እናቴ ግን ደስታዋ ልክ አልነበረውም። ለሠራተኛ ቤተሰብ ነጻ ቲኬት ይሰጥ ነበርና፣ በመጀመሪያው ዓመት አዲስ አበባ እህቷ ዘንድ ልትሄድ መጣች። ሙሉ ሴት ነበረች፤ ስትራመድ የምትሰማ፣ ስትስቅ ትከሻዋ የሚስቅ። አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ሚዛኑ ላይ ወጣች። ክንዱን አስተካክዬ ባለ በሌለ ድምፄ «ሰባ አራት!» ብዬ ጠራሁ። ሰልፉ እሰይ አለ። እሷም ወገቧን ይዛ ዞር አለችና «ሰማችሁ? ልጄ ናት የምትጠራው!» አለቻቸው። ኮራሁ። አፈርኩም፤ ሁለቱም በአንድ ላይ።

ሁለት ዓመት ያህል እንዲህ ደስ ብሎኝ ሠራሁ። ከዚያ እናቴ ጉዞ አበዛች። ቀድሞ በዓመት አንዴ የነበረው በየወሩ ሆነ። «እህቴን አሟታል» ትላለች። ከሁሉ የገረመኝ አባቴ ነው። በእሱ ሥራ ምክንያት ባቡሩ ለቤተሰቡ በነጻ ነው፤ ለአውሮፕላን ደግሞ ጥሩ ቃል ኖሮት አያውቅም። አሁን ግን እሱ ራሱ በጋሪ ይዟት ይመጣል፣ ደግፎ ያወርዳታል፣ ከአጥሩ ወዲያ ቆሞ እስክትነሳ ይጠብቃል። ባቡሩ አንድ ቀንና ሌሊት እያንገጫገጨ እንደሚሄድ፣ የታመመ ሰው እንደማይችለው ላስብ እችል ነበር። አላሰብኩም።

ያሰብኩት ሌላ ነው። ድሬ ነዋ! ያኔ ወደ አዲስ አበባ የምትሄድ ሴት አምስት የናይለን ቀሚስ ደርባ፣ ከጅቡቲ የመጣ ሰዓት መቀነቷ ውስጥ ሰፍታ መሄዷ የአደባባይ ምስጢር ነበር። ፊናንስ የምንላቸው የጉምሩክ ጠባቂዎች ከሚዛኑ ቀጥሎ ይቆማሉ፤ ሴቶቹን በመጋረጃ የተከለለች ክፍል ውስጥ የምትፈትሽ አንዲት ፈታሽ ነበረች። ደርባ የለበሰች ሴት ካየን ማናችንም ሌላ ነገር አይታየንም። በሙቀት አገር ማን ደርቦ ይለብሳል?

እናቴም ደርባ ነበር የምትመጣው። ስትራመድ የጨርቅ መዓት ይንሿሿል፤ ግንባሯ ላይ ላብ ይንቆረቆራል። ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሰባ አራት። አንዴ ሰባ ሦስት ቢሆን በሚቀጥለው ወር መልሶ ሰባ አራት። እኔ ደግሞ ስንቱን ሰው መዝኜ አውቃለሁ፤ የሰው ኪሎ እንዲህ አይረጋም። ያገባችበትን ቀለበት ክር ጠምጥማበት እንደምታደርገው አይቻለሁ። የእጇ አንጓ ወጥቶ አይቻለሁ። «ጾም ነው» አለችኝ፤ አመንኩ። ከዓይኔ ይልቅ ያገሩን ወሬ አመንኩ።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ብቻችንን ስንሆን «እማዬ፣ የምትሸከሚው ነገር አለ?» አልኳት።

«ምን እሸከማለሁ?» አለችና ዓይኗን ከሳህኑ አላነሳችም።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ አልኩ በልቤ። የባቡሩ ሥራ ቀዝቅዞ ነበርና፣ ችግሩ ነው እንዲህ ያደረጋት ብዬ ደመደምኩ።

በዚያው ሰሞን የአንድ ጫኝ ሚስት ሦስት ደርዘን ሰዓት ጭኗ ላይ አስራ ተያዘች። ባሏ ምንም አያውቅም ነበር አሉ፤ በማግስቱ ከሥራ ተባረረ። አለቃዬ ሁላችንንም ሰብስቦ «ከዛሬ ጀምሮ ከማናችሁም ቤተሰብ ሰው ቢያዝ፣ ቲኬቱም ሥራውም የለም። ዓይታችሁ ዝም ካላችሁ ደግሞ እስር ቤት ነው። ራሱ ቀድሞ ያጋለጠ ብቻ ይተርፋል» አለን። እኔን ለይቶ ያየኝ መሰለኝ። ሥራዬን እንዴት እወደው እንደነበር ልነግራችሁ አልችልም። በሰፈራችን የመንግሥት ደብዳቤ ኖሯት፣ የራሷ ሰማያዊ ዩኒፎርም ኖሯት የምትሠራ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ግንቦት ነበር። ጠዋት አንድ ሰዓት ሳይሞላ አዳራሹ እንደ ዳቦ መጋገሪያ ግሏል። እናቴ ሰልፉ ውስጥ ናት። ከሩቅ ሳያት የባሰ ደርባለች፤ ወገቧ ወፍሮ፣ ከቀሚሷ ሥር የሚታየው ቁርጭምጭሚቷ ግን የሕፃን ይመስላል። ስትራመድ ድንጋይ እንደተሸከመ ሰው ነው። ሚዛኑ ላይ ስትወጣ ተንገዳገደችና ክንዴን ያዘች። እጇ ትኩስ ነበር።

«ሰባ አራት» አልኩ፣ እንደ ወትሮው ሳልጮኽ። አለቃዬ ቀና ብሎ አየኝ።

ያን ጊዜ ላደረግሁት እግዜር ይቅር ይበለኝ። ፈታሿ ከመጋረጃው ደጃፍ ቆማለች። እናቴ ከሚዛኑ ወርዳ ነጠላዋን ስታስተካክል፣ ከጀርባዋ ሆኜ ፈታሿን አየኋትና በአገጬ እናቴን አሳየኋት። ይኸው ነው። ከራስ በላይ ንፋስ ይላሉ፤ እኔም ሌላ ሰው ከሚይዛት እኔ ያጋለጥኳት ሆኜ ልገኝ፣ ሥራዬን ላድን ብዬ ነው።

ፈታሿ እናቴን ክንዷን ይዛ አስገባቻት። እኔ የሚቀጥለውን ሰው መዘንኩ። የሚቀጥለውንም። ከመጋረጃው ወዲያ ብረት ሲጋጭ ሰማሁ። ሰዓት ነው አልኩ በሆዴ፤ አለቀልን።

ከዚያ መጋረጃው ትንሽ ገለጥ አለ። «ነይ እስቲ አንቺ» አለችኝ ፈታሿ። ቁጣ አልነበራትም። ቁጣ ቢኖራት ይሻለኝ ነበር።

ገባሁ። አግዳሚው ላይ ሦስት ቀሚስ፣ አንድ ወፍራም ጋቢ፣ የአባቴ አሮጌ የካኪ ጃኬት ተቆልሏል። ከላያቸው ላይ መቀነት ተዘርግቷል፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ትንንሽ ኪስ ተሰፍቶለታል፣ በየኪሱ የሐዲድ ብሎን አለበት። ወፍራም ወፍራም ብሎን። ክፍሉ የአባቴን እጅ ይሸታል።

ከአግዳሚው ወዲያ እናቴ ቆማለች። እናቴ ልበላት እንጂ እኔ አላወቅኋትም። የትከሻዋ አጥንት ወጥቷል፣ አንገቷ ሥር ጉድጓድ ገብቷል፤ ግራ ጡቷ ላይ ዙሪያውን ነጭ ፋሻ ታስሮበታል። ስታየኝ ሁለት እጇን አጣምራ ፋሻውን ሸፈነችው። እንደ ልጃገረድ።

«እማዬ...»

«አፈር ልብላልሽ፣ አትደንግጪ» አለችኝ። «ሐኪሙ ጋ ነው የምመላለሰው። ይሻለኛል ብሏል።»

«ብሎኑ ምንድነው? ምንድነው ይሄ ሁሉ?»

«ካነሰ ትጠሪዋለሻ!» አለች፤ ልትስቅ ሞከረች። «ሰልፉ ይሰማል፣ ከተማው ይሰማል። እሱስ ይስማ። አንቺ ነሽ የከበድሽኝ። እጅሽ ላይ ነው ሚዛኑ፤ በየወሩ ስትቀንሺ፣ ስትቀንሺኝ... አላስችል አለኝ።»

«አባባ ያውቃል?»

«ብሎኑን ማን ያመጣዋል ታዲያ? እያንዳንዷን ወልውሎ ነው የሚያመጣልኝ።»

መሬቱ ላይ ቁጭ ብዬ ጉልበቷን አቀፍኩ። እሷ በኀፍረትና በድንጋጤ የማለቅስ መሰላት፤ ፀጉሬን እየዳሰሰች ስለ ፈታሿ ይቅርታ ትጠይቀኝ ገባች። «አትቀየሚያት፤ ሥራዋ ነው። እሷ በምን ታውቃለች» አለችኝ።

ቀና ስል ከፈታሿ ጋር ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እሷ መቀነቱን ከአግዳሚው አነሳች፤ ከብዷት በሁለት እጇ ነው ያነሳችው። እናቴ ወገብ ላይ መልሳ አሰረችላት። ጋቢውን፣ ጃኬቱን፣ ቀሚሶቹን በተራ በተራ አለበሰቻት፤ ላቧን በራሷ መሀረብ ጠረገችላት። ከዚያ መጋረጃውን ገልጣ ወጣችና ለወንዶቹ ጠባቂዎች ጮክ ብላ «ምንም የለባትም፤ ትለፍ!» አለች።

እናቴ ያን ዕለት በረረች። እኔም ወደ ሚዛኔ ተመልሼ ሰው መዘንኩ። አውሮፕላኑ ሲነሳ አቧራው ዓይኔ ውስጥ ገባ ብዬ ለአለቃዬ ነገርኩት።

ከዚያ በኋላ ስለ በሽታው ሁላችንም ቤት ውስጥ በግልጽ አወራን። ፋሻዋን እኔ እለውጥላት ነበር። ስትሄድ ግን ብሎኑን መታጠቋን አልተወችም፤ «ቁጥሬ ካንቺ አፍ ሲወርድ አልሰማም» ትለኛለች። ስንት ጊዜ ልንገራት ብዬ አፌን ከፈትኩ መሰላችሁ! ፋሻውን ስጠቀልል፣ ፀጉሯን ስሠራ፣ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ ብዬ ሾርባ ሳጠጣት፤ «እማዬ፣ ያን ቀን ያሳየኋት እኔ ነኝ» የምትል አንዲት ቃል ነበረች። ነገ ትንሽ ሲሻላት እላለሁ። በማግስቱ የባሰ ደክማ አገኛታለሁ። ፈታሿ ደግሞ በየቀኑ ከጎኔ ትቆማለች፤ ሰላምታ እንሰጣጣለን፣ ምሳ አብረን እንበላለን፤ አንድም ቀን አላነሳችብኝም። በኋላ ላይ ለመጀመሪያ ልጄ የክርስትና እናት ሆናታለች። እስክትሞት ድረስ አላነሳችብኝም።

እናቴ ከተፈተሸችበት ቀን በሰባተኛው ወር አዲስ አበባ ሆስፒታል አረፈች። አባቴ አብሯት ነበር። እንዴት እንደሚያመጣት ሰዎች ሲመክሩ፣ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከምናምን ነው፣ ባቡር ይቆያል ቢሉት፣ «በባቡር ነው» አለ። በጠዋት ጣቢያው ላይ ቆመን ጠበቅናት። ፉጨቱ ከሩቅ ሲሰማ የጥገና ቤት ሰዎች ቆባቸውን አወለቁ። አባቴ ከዕቃው ፉርጎ ወረደ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሳጥኑ አጠገብ ተቀምጦ ነው የመጣው። ጃኬቱን ለብሷል፣ ያንን የካኪ ጃኬት። ምን እንዳሰበ ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔ ግን ገብቶኛል። በባቡር ማንም አይመዝናትም።

ዛሬ ያ ጣቢያ በሩ ተዘግቶ፣ ሐዲዱ መሃል ሣር በቅሎ ታዩታላችሁ። ሚዛኑም ቀርቷል። ጄት መጣ፣ ሜዳው ረዘመ፣ አዲስ ሕንጻ ተሠራ፤ ሰው መመዘን ቀርቶ ሻንጣ ብቻ ሆነ። የኔ የብረት ሚዛን ግቢ ውስጥ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ከርሞ፣ አንድ ቀን ጠዋት ስመጣ የቆመበት ቦታ ላይ አራት የእግሩ የዝገት ምልክት ብቻ ቀርቷል። ወዴት እንደወሰዱት አልጠየቅሁም።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳችሁም። የመጨረሻውን ጠዋት።

በዋዜማው እናቴ አልጋዋ ላይ ሆና «ነገ ብሎኑን አልታጠቅም፤ አልቻልኩትም» አለችኝ። በማግስቱ በአንድ ቀሚስና በነጠላ መጣች። አባቴ አብሯት ይሄዳልና እሱም ሰልፉ ውስጥ ነው፤ አውሮፕላን ሲሳፈር የመጀመሪያው ነበር። ቆቡን በሁለት እጁ ጨብጦ ሚዛኑን እንደ እባብ ያየዋል። መሄዷን ሰምተው ሊሸኟት የመጡ የሰፈር ሰዎች አሉ፣ የማያውቁን ተሳፋሪዎች አሉ። አባቴን ጠራሁት፤ ስድሳ ስምንት። ወረደና እጁን ሰጣት።

ሁለት ሴቶች ደግፈው አወጧት። ከዚያ ልቀቁኝ አለችና ብቻዋን ቆመች። ክንዱን አስተካከልኩ። በላዩ ያለችውን ክብደት ወደ ግራ ገፋኋት፣ አሁንም ወደ ግራ፣ ክንዱ እስኪረጋ ድረስ። አርባ አንድ። ውጭ ግራው ሞተር እየሳለ ነው። እሷ ወደ እኔ አታይም፤ አንገቷን ቀና አድርጋ በሩን ነው የምታየው።

«ሰባ አራት!» ብዬ ጮህኩ።

የሰማኝ ሁሉ ዞረ። አለቃዬ እርሳሱን አነሳ። መጀመሪያ የሚዛኑን ክንድ አየ፤ ከተቀመጠበት አንገቱን ካሰገገ ቁጥሩ ይታየዋል። ቀጥሎ እኔን አየኝ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። ጎንበስ ብሎ ጻፈ፤ በኋላ ወረቀቱን ሳየው አርባ አንድ ብሎ ነው የጻፈው። ያኔ ግን ቀና ሳይል «ሰባ አራት፤ ቀጣይ» አለ፣ እንደ ሌላው ቀን።

ከእናቴ ኋላ የቆመች አንዲት የማላውቃት ሴት በነጠላዋ ዓይኗን ትጠርጋለች። እናቴ ከሚዛኑ ልትወርድ ስትል እጄን ያዘች፤ ጨበጥ አደረገችኝ። ከዚያ ወደ ሴትዮዋ ዞር አለችና፣ ትንፋሿን ሰብስባ፣ ያኔ ወገቧን ይዛ በተናገረችበት ድምፅ ሊሆንላት እየሞከረች፣

«ልጄ ናት» አለቻት። «ሚዛኗ አይዋሽም።»